ኖራ የጎደለው ግንብ፦ ቅርፊታም ቆዳ ይዘው ስለሚወለዱ ሕፃናት



ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተራራ በሚወስደው መንገድ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ እህል በምናድልበት ዕለት አንዲት እናት ከሰልፉ ርቃ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጣ አየናት። «እኅቴ፣ ምነው አልተሰለፍሽም?» ብንላት፣ በሽታው እንዳይጋባባቸው የፈሩ ጎረቤቶች ራቅ እንድትል እንደ ነገሯት በአጭር ቃል መለሰችልን። በጋቢ ጠቅልላ የያዘችውን ልጅ ገለጥ አድርጋ አሳየችን። ልጁ ሁለት ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ከግንባሩ ጀምሮ እስከ እግሩ ድረስ ቆዳው በጠቆረ ቅርፊት ተሸፍኗል፤ የክርኑና የጉልበቱ እጥፋት ተሰንጥቆ ደም ያዥ ነበር። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ የእከክ መድኃኒት ተቀብቶለት እንዳልተሻለውም ነገረችን።

እኛም ከሌሎቹ አልተሻልንም። ሁለት ሳሙና ሰጥተን፣ ንጽሕናውን እንድትጠብቅ መክረን ሸኘናት። ምክራችን ስሕተት እንደ ነበረ የተረዳነው በኋላ ነው፤ ሳሙና ለዚያ ልጅ በቆዳው ላይ የቀረችውን ጥቂት ቅባት ጠርጎ የሚወስድበት ነገር ነበርና። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን እነዚያ ሁለት ሳሙናዎች ናቸው። በየጉባኤያችሁና በየፕሮጀክት ጣቢያችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ቢመጣ እኛ የሠራነውን እንዳትሠሩ በማለት የተረዳነውን እናካፍላችኋለን።

ሐኪሞች ይህን የበሽታ ዓይነት «ኢክቲዮሲስ» ይሉታል፤ ቃሉ ዓሣ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን፣ የተሰጠውም ቆዳው የዓሣ ቅርፊት ስለሚመስል ነው። አንድ በሽታ ብቻ አይደለም። ቀላሉ ዓይነት በብዙ ሰው ላይ ይታያል፤ ባለቤቱ እንኳ «ደረቅ ቆዳ ነው ያለኝ» ብሎ ያልፈዋል። በወንዶች ልጆች ላይ ብቻ ጎልቶ የሚታይ፣ በእናት በኩል የሚወረስ ዓይነትም አለ። ከዛፍ ሥር ያገኘነው ልጅ የያዘው ግን ከውልደት ጀምሮ መላ ገላን የሚሸፍነው ከባዱ ዓይነት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የተደረገው ግምት ከ200,000 ሰው አንዱን ያህል ይይዛል ይላል። እንግዲህ ብዙዎቻችን በዕድሜያችን አንድ ወይም ሁለት ብናይ ነው፤ የምንሳሳተውም ስለዚሁ ነው።

በሽታውን ለመረዳት አስቀድሞ የጤነኛ ቆዳን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ጎንደርን ያየ ሁሉ የፋሲልን ግንብ አይቷል። ያ ግንብ ከ350 ዓመት በላይ የቆመው ድንጋዩ ስለ ተደራረበ ብቻ አይደለም፤ ድንጋዩ በኖራ ስለ ተያያዘ ነው። የቆዳችን የላይኛው ንጣፍም እንዲሁ የተሠራ ነው። ድንጋዮቹ ከሥር ተወልደው ወደ ላይ እየወጡ ጠፍጥፈው የሞቱ ሕዋሳት ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ኖራ ደግሞ ስብ ነው። ይህ ንጣፍ በአብዛኛው ገላችን ላይ ከአንድ የደብተር ወረቀት እጅግ የቀጠነ ሲሆን፣ ቆዳችን በአራት ሳምንት ገደማ ራሱን ያድሳል። ቀጭን ቢሆንም ሥራው ታላቅ ነው፤ በውስጣችን ያለው ውኃ በነፋስና በፀሐይ ተኖ እንዳያልቅ፣ ከውጭም ጀርምና መርዝ እንዳይገባ የሚከለክለው እርሱ ነው።

የኖራውን ግማሽ ያህል የሚይዘው ሴራማይድ የሚባለው ስብ ነው፤ ኮሌስትሮልና ሌሎች የስብ አሲዶች ቀሪውን ይሞላሉ። ሴራማይድ ከምንበላው ቅቤ ወይም ዘይት በቀጥታ የሚገኝ አይደለም። ሰውነታችን ራሱ ይገነባዋል፤ የሚገነባውም ኢንዛይም በሚባሉ ጥቃቅን ሠራተኞች አማካይነት ነው። ሴራማይድን የሚገጣጥሙ ስድስት ኢንዛይሞች በሰው ውስጥ ተለይተዋል። ከስድስቱ ለቆዳ ዋናው ሦስተኛው፣ ሴራማይድ ሲንቴዝ 3 የሚባለው ነው። የእርሱ ልዩ ችሎታ ረጃጅሙን ማያያዝ ነው። በማድ ቤታችን ባለው ዘይት ውስጥ የሚገኙት የስብ አሲዶች በአብዛኛው 16 ወይም 18 የካርቦን አንጓ ያላቸው ናቸው፤ ይህ ኢንዛይም ግን 26 አንጓና ከዚያም በላይ፣ አንዳንዴ ከ30 የሚያልፉትን ያነሣል። አጭር እንጨት ለአጥር ማሠሪያ እንደማይበቃ ሁሉ፣ አጫጭሩ ስብም የቆዳን ድርድር አጥብቆ ለመያዝ አይበቃም።

ሳይንቲስቶች ይህን ኢንዛይም ከአይጦች ላይ ቢያጠፉ ምን እንደሚሆን ሞክረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ጥናት እንደ ተገለጸው፣ ግልገሎቹ ውኃ በቆዳቸው በኩል እያለቀባቸው ከተወለዱ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። በተከታዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች ቅርፊታም ቆዳ ይዘው በተወለዱ ሰዎች ላይ የዚሁ ኢንዛይም ዘረ መል ተበላሽቶ አገኙት። ዘረ መል ማለት ሰውነት ኢንዛይሙን የሚሠራበት የተጻፈ መመሪያ ነው። ለዚህ ኢንዛይም የተጻፈው መመሪያ በ15ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል።

ግንበኛው አንድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ስቡን ያስረዝማል፤ ሴራማይድ ሲንቴዝ 3 ይገጥማል፤ ሌላው በጫፉ ላይ ሊኖሌይክ አሲድ የተባለውን ስብ ያያይዛል፤ ሌሎችም ከሕዋሱ ግድግዳ ጋር ያጣብቁታል። ሊኖሌይክ አሲዱን የሚያያይዘው ኢንዛይም የታወቀበት መንገድ የሚያስገርም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጎልደን ሪትሪቨር በተባሉ የአውሮፓ ውሾች ላይ የሚታየውን ቅርፊታም ቆዳ ሲመረምሩ የነበሩ ሊቃውንት ያው ዘረ መል በሰዎችም ላይ ተበላሽቶ አገኙት፤ ኢንዛይሙ በትክክል የሚሠራው ሥራ የተረጋገጠው ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ዛሬ ይህን ከባድ ዓይነት የሚያመጡ ከአሥር የሚበልጡ ዘረ መሎች ታውቀዋል። ከሁሉ ይልቅ በብዛት የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1995 የተለየው፣ የሕዋሳቱን ግድግዳ የሚያጠነክረው ኢንዛይም ነው፤ ሴራማይድ ሲንቴዝ 3 ከብርቅዬዎቹ ወገን ነው። ይሁን እንጂ የበሽታውን ምሥጢር ከእርሱ በተሻለ ግልጥ አድርጎ የሚያሳይ ስለሌለ ነው በእርሱ የጀመርነው።

ሊኖሌይክ አሲድ ስንል አንድ ነገር ማንሣት አለብን። በአገራችን የኑግ ዘይት ውስጥ ካለው ስብ ከግማሽ እጅግ የሚበልጠው ይኸው ነው። ይህን የሰሙ አንድ የፕሮጀክት ባልደረባችን «እንግዲያው ኑግ ብናበላው ይድናል ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱ ግን አይድንም ነው። ኑግ ለሁሉም ሕፃን ጥሩ ምግብ ነው፤ ለዚህ ልጅ የጎደለው ግን ኖራው አይደለም፣ ግንበኛው ነው። ኖራ በግቢ ውስጥ ቢከመር ግንበኛ ከሌለ ግንብ አይሆንም።

ታዲያ ቅርፊቱ ከየት መጣ? ግንቡ ስለሚያፈስ ቆዳው ቀዳዳውን ለመድፈን ሕዋሳትን በችኮላ ያመርታል፤ የሞቱትም በጊዜያቸው አይረግፉም። ስለዚህ ይከመራሉ። ያ የምናየው ወፍራም ቅርፊት ቆሻሻ አይደለም፤ ሰውነት በራሱ አቅም ያበጀው ያልተሳካ ጥገና ነው። በድንጋይ ወይም በሻካራ ጨርቅ ፍቆ ማንሣትም ጥገናውን ማፍረስ ነው።

እናትየዋ ቆይታ የጠየቀችን ጥያቄ ግን ስለ ቅርፊቱ አልነበረም። «ኃጢአቴ ምንድር ነው?» ነበር ያለችን። በዮሐንስ ወንጌል ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርት የጠየቁትን፣ ጌታም የመለሰላቸውን ታስታውሳላችሁ። እኛ በዚያ ላይ የምንጨምረው የአወራረሱን መንገድ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሰው የእያንዳንዱን መመሪያ ሁለት ቅጂ ይይዛል፤ አንዱን ከአባቱ፣ አንዱን ከእናቱ። አንዱ ቅጂ ቢበላሽ ሌላው ይበቃል፤ ሰውዬው ሙሉ ጤነኛ ነው፣ መሸከሙንም አያውቅም። ሁለት እንዲህ ያሉ ጤነኞች ሲጋቡ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል አለ፤ ልጁ ሁለቱንም የተበላሹ ቅጂዎች ሊወርስ ይችላል። ከአራት ሁለት ዕድል እንደ ወላጆቹ ተሸካሚ ይሆናል፤ ከአራት አንድ ደግሞ ሁለቱም ቅጂዎች ደኅና ይሆኑለታል። ይህ ዕጣ በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይጣላል። አንድ የታመመ ልጅ ስለ ተወለደ ቀጣዮቹ ሦስቱ ደኅና ይሆናሉ ማለት አይደለም፤ ሁሉም ይታመማሉ ማለትም አይደለም። ከአባትም ከእናትም እኩል የመጣ ነገር ስለሆነ ባል ሚስቱን የሚፈታበት፣ አማት ምራትዋን የምትወቅስበት ምክንያት የለውም።

በዚህ ነገር አባቶቻችን ያቆዩልን አንድ ታላቅ ልማድ አለ፤ በደጋው አማራ ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል። የአክስትና የአጎት ልጆች ዘረ መላቸውን በአማካይ ስምንት እጅ ለአንድ እጅ ይጋራሉ፤ ዝምድናው በራቀ ቁጥር ይህ እየሳሳ ይሄዳል። በዓለም ላይ የዚህ በሽታ ዘረ መሎች የተገኙት በአብዛኛው ወላጆቻቸው የሥጋ ዘመዳሞች በሆኑ ቤተሰቦች መሆኑ ቆጠራው ከንቱ እንዳልነበረ ያመለክታል። ሆኖም የተራራ ሰው ብዙ ዘመን እርስ በርሱ ሲጋባ ከሰባት ቤት ወዲያ ያለ፣ ማንም የማያስታውሰው የጋራ ቅድመ አያት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «ዘመድ አግብታ ነው» ብሎ መፍረድም አይገባም።

ስለ መጋባት በአጭሩ እንናገር። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እከክ አይደለም፤ እከክ ማታ ማታ አጥብቆ ያሳክካል፣ የቤቱንም ሰው ሁሉ ይዳርሳል፣ ከውልደትም አይጀምርም። የሥጋ ደዌም አይደለም። ችፌም አይደለም፤ በእርግጥ የችፌና የቀላሉ ቅርፊታም ቆዳ ዝምድና በአገራችን ተጠንቷል። አውሮፓውያን ላይ ፊላግሪን የተባለው ዘረ መል ብልሽት ዋና ምክንያት ሆኖ ሳለ፣ የኢትዮጵያና የስዊድን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2015 ባወጧቸው ጥናቶች እነዚያ የታወቁ ብልሽቶች በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ እንደዚያ እንደማይገኙ አሳይተዋል። ለፈረንጅ ቆዳ የተጻፈ ሁሉ ለእኛ ቆዳ አይሠራም ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ፤ በተለይ አራስ ቤት ለምትጎበኙ። ከእነዚህ ሕፃናት ብዙዎቹ ሲወለዱ ቅርፊት የላቸውም። በላስቲክ ወይም በቀጭን ብራና የተጠቀለሉ ይመስላሉ፤ ሽፋኑ ያብለጨልጫል፣ ዓይንና ከንፈርንም ወደ ውጭ ይገለብጣል። አዋላጅ ሴቶች ይህን ሲያዩ የእንግዴ ልጅ ሽፋን መስሏቸው ሊላጡት ይሞክራሉ። ፈጽሞ መላጥ አይገባም፤ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይረግፋል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሞትና የሕይወት ጊዜ ናቸው። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ደባርቅ ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚበርድ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ይህ ሕፃን ሙቀቱንም ውኃውንም ባንድነት ያጣል፣ በተሰነጠቀው በኩልም ጀርም ይገባበታል። ንጹሕ ቫዝሊን በስሱ ቀብታችሁ፣ ከእናቱ ገላ ጋር አድርጋችሁ፣ ደጋግሞ እየጠባ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። መጥባት ካቃተው የታለበ የእናት ጡት ወተት በንጹሕ ሲኒ ይሰጠው። ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ነው፤ ሆስፒታሉ የጨቅላ ሕፃናትና የቆዳ ሕክምና ክፍሎች አሉት። ከዚያ የሚያልፍ ነገር ካለ በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል አለ። መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት ደግሞ ቢያንስ ሙቀቱንና ቅባቱን አታቋርጡ።

ልጁ ካደገ በኋላ ሕክምናው ድካም የሚጠይቅ ቢሆንም አስቸጋሪ አይደለም። በቀን አንድ ጊዜ ለብ ባለ ውኃ ገላውን ማራስ፤ ቅርፊቱ ከራሰ በኋላ በለስላሳ ጨርቅ በዝግታ ማሸት፤ ሳይደርቅ ወዲያው መቀባት። ቅባቱ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ይደገማል። በእጅ ያለው ቫዝሊን ከሆነ እርሱ ይበቃል፤ ግሊሰሪን በውኃ ተበርዞም ይጠቅማል። እናቶቻችን ቅቤ መቀባት ያውቃሉ፤ አሳቡ ትክክል ነው፣ ነገር ግን የቆየ ቅቤ በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ጀርም ያስገባልና ቫዝሊን ይሻላል። ልጃቸውን ጠበል ለሚወስዱ እናቶችም የምንለው ቢኖር ከውኃው እንደ ወጣ እንዲያደርቁትና ወዲያው እንዲቀቡት፣ ጨቅላውን ግን ለቀዝቃዛ ውኃ እንዳያጋልጡት ነው። ቅርፊት የሚያቀልጡት ዩሪያና ሳሊሲሊክ አሲድ ያለባቸው ቅባቶች በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይሁኑ፤ በተለይ ሳሊሲሊክ አሲድ በሕፃን ሰፊ ገላ ላይ ቢቀባ ወደ ደም ገብቶ ይመርዛል። በየሱቁ የሚሸጡት የስቴሮይድ ቅባቶችም ለዚህ በሽታ አይረዱም።

ሦስት ነገሮች በቀላሉ ያመልጣሉ። አንደኛው ላብ ነው። ቅርፊቱ የላቡን ቀዳዳ ስለሚደፍን ሰውነቱ በሙቀት አይቀዘቅዝም። ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ የሚወርዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ይህ በሽታ ያለበት ወጣት ከእነርሱ ጋር ቢወርድ በቀትር ራሱን ስቶ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። ይህን ሳታውቁ «ሠርቶ ይብላ» አትበሉት። ሁለተኛው ዓይን ነው። በአገራችን ትራኮማ ስለበዛ የዓይን ሕመም ሁሉ ወደዚያ ይታሰባል። ትራኮማ ቆብን ወደ ውስጥ አዙሮ ሽፋሽፍቱ ዓይንን እንዲቧጥጥ ያደርጋል፤ በዚህ በሽታ ግን የታችኛው ቆብ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ ዓይንም ሳይከደን ያድራል። ማታ ማታ የዓይን ቅባት ያስፈልገዋል። ሦስተኛው ምግብ ነው። በሚያፈስ ቆዳ በኩል ውኃና ሙቀት ሲባክን ሰውነቱ ያንን ለመተካት ብዙ ጉልበት ያወጣል፤ ስለዚህ እኩያው የሚበላውን እየበላ ሊከሳ ይችላል። ሚዛን ላይ ቀልሎ ሲገኝ እናቱን «አታበይውም» ብላችሁ አትውቀሷት፤ ራሽኑን ጨምሩለት። ወፍራም ቅርፊት ፀሐይን ስለሚከለክል የቫይታሚን ዲ እጥረትም ይከተላል።

የእግር ዝሆኔ ያለባቸውን የምታስታምሙ ባልደረቦቻችን ከዚህ ብዙው አዲስ እንዳልሆነባችሁ እናምናለን። ያም ከቀይ የደጋ አፈር ጋር በባዶ እግር የመገናኘት በሽታ ቢሆንም፣ ለምን አንዱን ይዞ ሌላውን እንደሚተው ሲጠና፣ ኢትዮጵያዊው ሊቅ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 የዘር ተጋላጭነት እንዳለበት አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአገራችን የእግር ዝሆኔ ሕሙማን በሚታጠቡበት ውኃ ላይ ጥቂት ግሊሰሪን ሲጨመር፣ ውኃው ቀንሶ እንኳ የቆዳቸው አጥር እንደ ተሻሻለ ታይቷል። አንድ እንስራ ውኃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን በሚፈጅበት መንደር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ያችን እናት በሚቀጥለው ወር ፈልገን አገኘናት። ልጁ ጎንደር ሄዶ ታየ፤ በሽታው ስም አገኘ። ጎረቤቶቿን ሰብስበን፣ ልጁን በየተራ አቅፈን ካሳየናቸው በኋላ ከሰልፉ አላስወጧትም። ከዚያ በኋላ የቀረው የቫዝሊን ጉዳይ ነው። አንድ ትልቅ ሰው መላ ገላውን አንድ ጊዜ ለመቀባት 30 ግራም ያህል ይፈልጋል፤ ለዚህ ልጅ 12 ግራም ብንል፣ በቀን ሁለት ጊዜ 24 ግራም ነው። የ250 ግራም ዕቃ ከአሥር ቀን አያልፍም፤ በወር ሦስት፣ በዓመት 36 ዕቃ ይሆናል፤ ልጁ ሲያድግም ይጨምራል። ለእህል ማደያው በምናወጣው ዝርዝር ላይ ከዘይቱ ቀጥሎ አንድ መስመር ጨምረን ጽፈንለታል።